ሰላማዊ የሚባለው ዓሣ፤ በአራዳ ከፍታ ላይ የኮራል አኳሪየም ነዋሪዎችን ስለመምረጥ የቀረበ ዳሰሳ

ከባሕር በራቀ ከተማ ውስጥ ኮራልና የባሕር ዓሣን በአንድ የመስታወት ገንዳ ለማኖር የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰላማዊው ዓሣ የቱ ነው?» ብሎ ነው። መልስ በማጣት አይቸገርም። የዓሣ ስሞች በቁመትና በአግድም ተደርድረው «ይስማማል»፣ «አይስማማም»፣ «በጥንቃቄ» የሚል ምልክት የተደረገባቸው ሰንጠረዦች ሞልተዋል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ግን ሰንጠረዡ የጥያቄውን ግማሽ እንኳ አይመልስም የሚል ነው። ሰላም አንድ ዝርያ ተሸክሞት የሚዞር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በዓሣው፣ በገንዳው አሠራር፣ በአገባቡ ቅደም ተከተልና በሚቀርበው መኖ መካከል የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ አራዳና ፒያሳ ደግሞ ሰንጠረዦቹ ጨርሶ ያላሰቡት ነገር ይጨመራል፤ የአየሩ መሳሳት። ስለዚህ እዚህ የሚደረገው ምርጫ በሞምባሳ ወይም በዱባይ ከሚደረገው ሊለይ ይገባል።

የጥያቄው አመጣጥ

የባሕር እንስሳትን በመስታወት ውስጥ የማኖር ልማድ የተስፋፋው በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን በ1853 ከፈተ፤ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በዚሁ ጉዳይ ላይ የጻፈው መጽሐፍ በ1854 ታተመ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ዋናው ጭንቀት ውኃው እንዳይበላሽ ነበር። ዓሣው በሕይወት ከሰነበተ ትልቅ ነገር ስለነበር፣ ማን ከማን ጋር ይስማማል የሚለው ጥያቄ ብዙም አልተነሣም። ነገሩን የቀየረው ኮራልን በሕይወት ማቆየት መቻሉ ነው። ሊ ቺን ኤንግ በ1960ዎቹ መባቻ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከባሕር በመጣ ሕያው ድንጋይና በአየር አረፋ ብቻ ኮራል ማኖር እንደሚቻል አሳየ፤ በኋላ ጀርመን ውስጥ የዳበረው የበርሊን ስልት ደግሞ ሕያው ድንጋዩን ከአረፋ ማጣሪያ፣ ከጠንካራ መብራትና ከብርቱ የውኃ እንቅስቃሴ ጋር አቀናጀ። ከዚያ ወዲህ ገንዳው የዓሣ ማሳያ መሆኑ ቀርቶ ለስላሳና ድንጋያማ ኮራሎች፣ ሽሪምፖች፣ ቀንድ አውጣዎችና ዓሦች የሚጋሩት መኖሪያ ሆነ። አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ የመምረጥ ጥያቄም ያኔ ክብደት አገኘ።

ዓሦቹን የማወቁ ታሪክ ግን ለእኛ ቀረብ ይላል። ስዊድናዊው ፔር ፎርስኮል በ1763 የመን ውስጥ ሞቶ፣ ከቀይ ባሕር የሰበሰባቸውን እንስሳት የሚገልጸው ሥራው በ1775 ታተመ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ባለ ሁለት ቀለበቱን የቀይ ባሕር ክላውን ፊሽ በ1830 ሳይንሳዊ ስም አወጣለት፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በምፅዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘለቀ፣ የጣናን ዓሦችም ለሳይንስ አስተዋወቀ። እነዚህ ሰዎች የመዘገቡት ክንፍ፣ ቅርፊትና ጥርስ ነው። በአልኮል ከተቀመጠ በድን ላይ ጠባይ አይነበብም፤ ስለዚህ ስለ ዓሣው ጠበኝነት ከተጻፈው አብዛኛው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ሦስት የሚምታቱ ባሕርያት

በምርጫው ላይ የሚፈጠረው አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው ሦስት የተለያዩ ባሕርያትን እንደ አንድ ከማየት ነው። ለሌላ ዓሣ ሰላማዊ መሆን አንድ ነገር ነው። ከመሰሎቹ ጋር በቡድን መኖር ሌላ ነው። ኮራልንና ሽሪምፕን አለመጉዳት ደግሞ ሦስተኛ። ጭምብል የለበሰ የሚመስለው ቢጫው የቀይ ባሕር ቢራቢሮ ዓሣ ቀኑን በጠፍጣፋ ኮራል ጥላ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወይም ሰብሰብ ብሎ ያሳልፋል፤ ጎረቤቱን አይተናኮልም። ይሁንና ምግቡ የኮራል ሕያው አካል ስለሆነ፣ ከዓሣ ጋር ያለው ጨዋነት ለቅይጥ የኮራል ገንዳ ምንም አይጠቅመውም። ባለ ስድስት መስመሩ ትንሽ ሬስ በተቃራኒው ኮራል አይነካም፣ እንዲያውም ጥቃቅን ጥገኛ ትሎችን ይለቅማል፤ ገንዳውን ከለመደ በኋላ ግን አዲስ ገቢ ዓሣ እስኪሞት ሊያሳድድ ይችላል። ፋየር ፊሽ የሚባለው ነጭና ቀይ ዓሣ ለሌሎች ፈሪና የዋህ ሲሆን፣ በጠባብ ገንዳ ከራሱ ዓይነት ጋር ሲሆን ግን ይጣላል። «ሰላማዊ» ተብሎ በአንድ ምልክት የሚታለፍ ዓሣ ለማን ሰላማዊ እንደሆነ ካልተነገረ፣ የተነገረው ነገር ጥቂት ነው።

ዓሣና ሽሪምፕ ካለመጎዳዳትም አልፈው የሚረዳዱበት ምሳሌ ግን አለ። በቀይ ባሕር አሸዋማ ወለል ላይ የሚኖረው የሽታይኒትዝ ጎቢ ከአንድ ተኳሽ ሽሪምፕ ጋር ጉድጓድ ይጋራል። ሽሪምፑ ቆፋሪ ነው፤ እንደ ቡልዶዘር ጠጠሩን በጥፍሮቹ ገፍቶ ያወጣል፣ ዓይኑ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ከጉድጓዱ በወጣ ቁጥር አንዱን ረጅም አንቴናውን ከዓሣው ገላ ላይ አይለይም። ጎቢው ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ አደጋ ሲያይ ጅራቱን ፈጠን አድርጎ ያርገበግባል፣ ሽሪምፑም ያንን ንዝረት በአንቴናው ተቀብሎ ወዲያው ይገባል። አደጋው ከተቃረበ ዓሣው ራሱ በግንባሩ ተወርውሮ ይከተለዋል። እስራኤላዊው ኢላን ካርፕለስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ልውውጥ በዝርዝር አጥንቶታል። በገንዳ ውስጥም ጥልቀት ያለው አሸዋና የተለያየ መጠን ያለው ጠጠር እስካገኙ ድረስ ሁለቱ ይህንኑ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ጠቡ ከዝርያው ነው ወይስ ከቦታው?

የመጀመሪያው ትልቅ መልስ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው የኮንራድ ሎሬንዝ ነው። ሎሬንዝ በ1963 ባሳተመው ስለ ጠበኝነት በሚያትት መጽሐፉ፣ ቀለመ ደማቅ የሆኑ የኮራል ዓሦች ቀለማቸውን እንደ ባንዲራ ይጠቀሙበታል፣ የሚያጠቁትም በዋናነት ያንኑ ቀለም የለበሰውን የራሳቸውን ዓይነት ነው አለ። ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው፤ ከአንድ ዝርያ አንድ ብቻ አስገባ፣ ሌላውን እንደልብህ ቀላቅል። የአኳሪየም ሰንጠረዦች መሠረት ዛሬም ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ተከታዮቹ ጥናቶች ግን ምክሩን አጠበቡት። በ1971 የታተመው ሎው የተባለ ተመራማሪ ጥናት አንዲት አውስትራሊያዊት ዳምሰል ፊሽ አልጌ የሚግጡ የሌላ ዝርያ ዓሦችን እንደምታባርር፣ አልጌ የማይበሉትን ግን በይዞታዋ ውስጥ ሲያልፉ እንደምትተው አሳየ። ሚርበርግና ትሬሸር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 ደግሞ የይዞታው ድንበር አንድ እንዳልሆነ አመለከቱ፤ ያው ዓሣ የራሱን ዓይነት ከሩቅ ያባርራል፣ ሌሎቹን ግን እንደየማንነታቸው በተለያየ ርቀት ላይ ይነሣባቸዋል። እነዚህ ግኝቶች ሎሬንዝን ሙሉ በሙሉ አይሽሩም፤ ዋናው ተጠቂ አሁንም የራሱ ዓይነት ነውና። ጥያቄውን ግን ከቀለም ወደ ጥቅም ያዞሩታል። ሁለት ዓሦች የሚጣሉት አንድ ምግብ፣ አንድ መሸሸጊያ ወይም አንድ ጾታ ሲፈልጉ ነው ብለን ከተነሣን፣ ምርጫው የስም ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ የሥራ ክፍፍል ይሆናል። አንዱ በአሸዋው ላይ፣ ሌላው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሦስተኛው ከውኃው መካከል ተንሳፋፊ ምግብ የሚለቅም ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው አቋም ለዝርያም ለምግብም ብዙ ቦታ አይሰጥም። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፒተር ሴል በ1970ዎቹ ባቀረበው የዕጣ መላምት፣ በኮራል ሪፍ ላይ ባዶ ቦታ ሲገኝ የሚይዘው አስቀድሞ የደረሰው እጭ ነው፤ አንዴ የያዘም በቀላሉ አይለቅም። በገንዳ ውስጥ ይህ መላምት አዘውትሮ የሚታይ ነገርን ይገልጻል። ቀድሞ የገባ ዓሣ በመጠን ከሚበልጠው አዲስ ገቢ እንኳ ይበረታል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ፈሪውን አስቀድመው፣ ደፋሩን መጨረሻ የሚያስገቡትም ለዚህ ነው።

በ2024 ለኮሪደር ልማት የፈረሰው የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በዚህ ነጥብ ላይ ጥሩ ማስተያያ ይሆናል። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው በተሠሩ ቤቶች፣ ውኃና መጸዳጃ እየተጋሩ የኖሩ ሰዎች ተቻችለው የኖሩት ሁሉም ጨዋ ሆነው ስለተወለዱ ብቻ አልነበረም። የቧንቧው ወረፋ፣ የማብሰያው ተራ፣ የማን በር ወደየት እንደሚከፈት የታወቀ ስለነበረ ጭምር ነው። የገንዳ ሰላምም እንዲሁ ከነዋሪው ጠባይ እኩል ከአቀማመጡ ይመነጫል። ይህን የሚያጠናክር መረጃም አለ። ሮናልድ ኦልድፊልድ በ2011 ባሳተመው ጥናት፣ ጠበኛ በሆነችው ማይዳስ ሲክሊድ ላይ የገንዳን መጠን በጥቂቱ መጨመርም ሆነ የዓሣውን ቁጥር መለዋወጥ ጠቡን አልቀነሰውም፤ የቀነሰው በጣም ሰፊና መሰናክል የበዛበት መኖሪያ ነው። ከ200 ሊትር ወደ 250 ማሳደግ ሰላም ይገዛል የሚለው የሱቅ ምክር በዚህ መሠረት ደካማ ነው። ድንጋዩን በአንድ ክምር ከመቆለል ይልቅ በሁለት በሦስት ከፍሎ ማየትን የሚከልል አድርጎ መሥራት ያዋጣል። ጥናቱ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ላይ የተደረገ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። ስለ ቤት ገንዳ የተደረጉት ቁጥጥር ያላቸው ጥናቶች አብዛኞቹ በጨው አልባ ውኃ ዓሦች ላይ ናቸው። ከሪፍ የመጡት የመስክ ጥናቶች ግን ወደዚያው አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ፣ ተቃውሞው መደምደሚያውን ያለዝበዋል እንጂ አያፈርሰውም።

አንዳንዶች ደግሞ «በአንድ ባሕር የሚኖሩ ከሆነ ይስማማሉ» ብለው ከአንድ ሪፍ የመጡትን ብቻ ይመርጣሉ። ለዚህ መልስ ፍለጋ ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጣና ይበቃል። በሐይቁ ውስጥ ተለይተው የታወቁት 15 የላቤኦባርበስ ዝርያዎች፣ ሕዝቡ ነጭ ዓሣ የሚላቸው፣ ምግብ ተከፋፍለው በአንድ ውኃ ይኖራሉ። ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ በስፋት ያጠኗቸው እነዚህ ናቸው። ከ15ቱ 8ቱ ግን የሚኖሩት ዓሣ በመብላት ነው። ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ባለው ሐይቅ ተበዪው የሚሸሽበት አለው፤ አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ባለው መስታወት የለውም። በተፈጥሮ አብሮ መገኘት ከሰላም ጋር አንድ አይደለም።

የቡድን ዓሦች ነገር

ማኅበራዊ ዓሣ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው አረንጓዴዎቹን ክሮሚሶች ወይም ብርቱካናማዎቹን አንቲያሶች በመንጋ ማየት ነው። እዚህ ላይ መረጃው ምኞቱን አይደግፍም። ሌቭ ፊሸልሰን በ1970 ቀይ ባሕር ላይ በሠራው ጥናት፣ ከአንቲያስ ቡድን ወንዱ ሲወጣ ከሴቶቹ አንዷ ፆታዋን ለውጣ ወንድ እንደምትሆን አሳይቷል። ቡድኑ የተያያዘው በበላይና በበታች ተራ ነው ማለት ነው፤ ተራው በጠባብ ቦታ ሲጠበቅ ደካማዋ መሸሻ ታጣለች። ክላውን ፊሽ ላይም ተመሳሳይ ነው። ፒተር በስተን በ2003 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ባደረገው ጥናት፣ የበታቹ ዓሣ ከበላዩ በመጠን እንዳይቀራረብ ዕድገቱን እንደሚገታ ተረጋግጧል። ክላውን ፊሾቹ በሚጠለሉበት አኒሞን ሥር የሚታየው ጸጥታ የተገኘው አንዱ ራሱን አሳንሶ ስለኖረ ነው። ለቤት ገንዳ የሚያዋጣውም በእርባታ የተገኘ አንድ ጥንድ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ያንን ተራ ማናጋት ይሆናል።

የክሮሚስ ጉዳይ እስካሁን አከራካሪ ነው። ስምንት ሆነው ገብተው በወራት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብቻ መቅረታቸውን የሚናገሩ ብዙ ናቸው። አንዱ ወገን ምክንያቱ እርስ በርስ መጠቃቃት ነው ይላል። ሌላው ዩሮኔማ በሚባል በእነዚህ ዓሦች ላይ በሚዘወተር ጥገኛ ተሕዋስ ያመካኛል። ሁለቱ አይቃረኑም፤ የተጠቃ ዓሣ በጭንቀት ይደክማል፣ የደከመም ለበሽታ ይጋለጣል። ቁጥሩን ማብዛት ጠቡን ያከፋፍላል የሚሉም አሉ፤ በጨው አልባ ውኃ የቡድን ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከአምስት ያነሱ ቡድኖች ይበልጥ እንደሚረበሹ ስላሳዩ ሐሳቡ መሠረት አለው። ነገር ግን ማብዛት የሚጠይቀው አንድ ዋጋ አለ። ኦክስጅን ነው።

ፒያሳ ላይ የሚጨመረው ሒሳብ

በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ የባሕር ውኃ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በፒያሳ ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው ውኃ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ይህ ፓምፕ በማብዛት የማይታለፍ ጣሪያ ነው። ማታ ሁኔታው ይከብዳል፤ መብራቱ ሲጠፋ በኮራሉ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ኦክስጅን ማምረት አቁመው እንደሌላው ሁሉ ይተነፍሳሉ። በተዘጋ ቤት ከሰል ከተቀጣጠለ ደግሞ በክፍሉ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች ዝቅ ያደርገዋል።

ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው ከተመራማሪዎቹ ከኒልሰንና ከኦስትሉንድ-ኒልሰን ነው። በ2004 በአውስትራሊያ ሊዛርድ ደሴት የሞከሯቸው የሪፍ ዓሦች ኦክስጅኑ ከሙሉው ከ13 እስከ 34 በመቶ እስኪደርስ ድረስ የተለመደ አተነፋፈሳቸውን ይዘው ቆይተዋል። ኮራል ውስጥ የሚያድር ዓሣ ሌሊት የሚያልፍበት ነገር ስለሆነ አያስደንቅም። ከዚህ ተነሥቶ ከፍታው አያሳስብም ማለት ይቻል ይሆን? የማይቻልበት ሁለት ምክንያት አለ። ልኬቱ የተወሰደው በዕረፍት ላይ ካለ ዓሣ ነው፤ ሲሳደድ የዋለ ዓሣ የሚያስፈልገው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደግሞም ፒያሳ ላይ መነሻው 100 ሳይሆን 74 በመቶ ያህል ነው፤ ከዚያ እስከ 34 ያለው ርቀት አጭር ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ይህ ርቀት በፍጥነት ያልቃል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ «በመጠኑ ጠበኛ» ተብሎ የሚታለፍ ዓሣ እዚህ ለሌሎቹ የሕይወት አደጋ ሊሆን ይችላል። ሰላማዊነት በአዲስ አበባ የአየር ጉዳይም ነው።

ውኃው ራሱ ረጅም ሐተታ አይፈልግም። የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ስላለበት በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ጨውን በተመለከተ ከአፋር የሚመጣው ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ በመሆኑ ለዚህ አይሆንም፤ የባሕር ውኃ በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ማግኒዚየምና ከ400 በላይ ካልሲየም ስለሚይዝ፣ ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመው ጨው የግድ ነው።

ገና ያልተቋጨው

በጠበኝነትና በኦክስጅን ፍላጎት መስፈርት ሲታይ ሶሃል የሚባለው የቀይ ባሕር ታንግ መጀመሪያ የሚወጣ ነው፤ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ የግጦሽ ይዞታውንም አጥብቆ ይከላከላል። ሌሎቹ ታንጎች ያከራክራሉ። አልጌ ይግጣሉ፣ ስለዚህ ኮራሉን ያግዛሉ የሚለው እውነት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚዋኙ፣ ብዙ ኦክስጅን የሚፈልጉ መሆናቸውም እውነት ነው። ቀንድ አውጣዎች ግጦሹን በጣም ባነሰ ኦክስጅን ስለሚሠሩ፣ ከ500 ሊትር በታች በሆነ ገንዳ ክርክሩ ለታንጉ አያደላም። በቦታው ፍሪድማኒ የሚባለው ሐምራዊው የቀይ ባሕር ዓሣ በስንጥቁ፣ ጎቢና ሽሪምፑ በአሸዋው፣ አንድ ጥንድ ክላውን ፊሽ በአንድ ማዕዘን፣ አንድ ፍላሸር ሬስ ከመካከል ሊኖሩ ይችላሉ። ሬሱ ስለሚዘል ገንዳው በመረብ ይከደናል፤ ፍሪድማኒ ከዘመዶቹ ቢለዝብም ይዞታ ያውቃል፣ ስለዚህ መጨረሻ ይገባል።

በእርባታ የተገኘና ከባሕር የተያዘ ዓሣ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄም ሁለት ፊት አለው። በጠባይ በኩል ያለው ማስረጃ ቀጭን ነው፤ በእርባታ ያደገው ክላውን ፊሽ ሌላውን ይበልጥ ይታገሣል ብሎ ለመደምደም አይበቃም። በጤናና በኅሊና በኩል ግን ሚዛኑ ግልጽ ነው። ከኢንዶኔዥያ ጥቂት ደሴቶች በቀር የትም ያልነበረው ባንጋይ ካርዲናል በ2007 ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበው በዋናነት ለአኳሪየም ስለታደነ ነው፤ ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ታቅፎ የሚያሳድግ በመሆኑ ግን በእርባታ ቤት በቀላሉ ይራባል። ይህን ዓሣ ከባሕር የተያዘ ከሆነ መግዛት አይገባም፤ ከእርባታም ቢመጣ በጠባብ ገንዳ የተጣመሩት ሁለቱ ሌሎቹን ስለሚገድሉ ከጥንድ በላይ ማስገባት አያስፈልግም።

የዓሣው ቁጥር በሊትር ይወሰን የሚለው አሮጌ ደንብ ፒያሳ ላይ ትርጉም የለውም። መሣሪያው ያለው ሰው ኦክስጅኑን መለካት ያለበት ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ዝቅተኛው ላይ በሚገኝበት ሰዓት ነው፤ አንድ ዓሣ በተጨመረ ቁጥርም ሁለት ሳምንት ያህል እየለካ መቆየት ይገባዋል። ንባቡ በሊትር ከ4 ሚሊ ግራም በታች መውረድ ከጀመረ፣ የቀረው ቦታ የቱንም ያህል ሰፊ ቢመስል፣ የሚጨመረው ዓሣ የቱንም ያህል የዋህ ቢሆን፣ ገንዳው ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ገንዘብ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚሠራ የአየር ፓምፕ መዋል አለበት።